አሳታሚው የሚፈራው ልቦለድ

ዛሬ የምንነጋገረው ለታዳጊ ወጣቶች ስለሚጻፉ ልቦለዶች ነው፤ በተለይም አሳታሚዎች «ይህ ለልጅ አይሆንም» እያሉ ስለሚያስወጧቸው፣ ስለሚያለሳልሷቸው ወይም ረቂቁን እስከ መመለስ ስለሚያደርሷቸው ጉዳዮች። አስገድዶ መድፈር፣ ራስን ማጥፋት፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ በትምህርት ቤት የሚፈጸም ጭካኔና የዘር ጥላቻ ከእነዚህ ዋናዎቹ ናቸው። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ናቸው፤ የታዳጊዎች ልቦለድ የራሱ አርታኢ፣ የራሱ ሽልማትና የራሱ መደርደሪያ ኖሮት ክርክሩ ለረጅም ጊዜ በአደባባይ የተካሄደው እዚያ ነውና። ዓመቶቹንም፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» በ1953 የታተመ ልቦለድ ነው። መጽሐፍ መያዝ ወንጀል በሆነበት ዘመን መጻሕፍትን የማቃጠል ሥራ ስለተሰጠው ሰው ይተርካል። አሳታሚው ባላንታይን በ1967 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን ልዩ እትም አዘጋጀ፤ በዚያም እትም 75 ያህል ቦታዎች ተነካኩ። እርግማን አዘል ቃላት ወጡ። ስለ ውርጃ የሚናገረው ቃል ተሰረዘ። በመጀመሪያው እትም ሰክሮ የነበረው ሰው በተማሪዎቹ እትም ታማሚ ሆኖ ተገኘ፤ ስለ እምብርት ማጽዳት የተጻፈውም ጆሮ ወደ ማጽዳት ተለወጠ። ጽሑፉ መለወጡን የሚገልጽ አንድም መስመር በመጽሐፉ ላይ አልሰፈረም፤ ለደራሲውም አልተነገረውም። ሁለቱ እትሞች ለጥቂት ዓመታት ጎን ለጎን ሲሸጡ ቆዩና ከ1973 ጀምሮ ለአዋቂ አንባቢ የሚቀርበውም ያው የተነካካው ሆነ። ብራድበሪ ይህን የሰማው በ1979 ነው። ሙሉው ጽሑፍ ተመልሶ የታተመው በ1980 ነበር።

እዚህ ላይ መንግሥት አላዘዘም፣ ፍርድ ቤትም አልወሰነም። የሆነው ይህ ነው፤ አንድ አርታኢ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ወደፊት ሊያማርር የሚችለውን አስተማሪ ወይም ወላጅ በሐሳቡ አስቀድሞ፣ ብዕሩን አነሳ። በእነዚያ ዓመታት መጽሐፉን ያነበቡ ተማሪዎች የጎደለባቸውን ስላላወቁ ሊጠይቁም ሊቃወሙም አልቻሉም። ስለዚህ የዛሬው ክርክሬ ይህ ነው፤ ለታዳጊ የሚያሳትም ሰው መጠንቀቅ አለበት፤ ጥንቃቄው ማረፍ ያለበት ግን ነገሩ በሚነገርበት መንገድ ላይ ነው። ነገሩ ጭራሽ ይነገር ወይስ ይቅር የሚለውን አሳታሚው ብቻውን፣ በጓዳ፣ ስሙን ሳያሰፍር ሲወስን፣ ልጁን ጠበቅሁ ቢልም የጠበቀው ራሱን ነው።

የዚህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ታሪክ ራሱ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ኤስ. ኢ. ሂንተን በኦክላሆማ ግዛት በቱልሳ ከተማ የድሃና የሀብታም ሰፈር ልጆች ቡድን ለይተው ስለሚደባደቡበት ሕይወት መጻፍ ስትጀምር የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ «ዘ አውትሳይደርስ» በ1967 ሲታተም ገና 18 ዓመቷ ነበር። በዘመኑ ለታዳጊዎች የሚታተመው በአብዛኛው ስለ ትምህርት ቤት ጭፈራና ስለ ስፖርት ውድድር ነበር። የእሷ መጽሐፍ ውስጥ ግን ልጅ ልጅን በስለት ይገድላል። ያን ረቂቅ የተቀበለው አሳታሚ ቢፈራ ኖሮ ዛሬ የታዳጊዎች ልቦለድ የምንለው ነገር በዚህ መልኩ መኖሩ ያጠራጥራል።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ሮበርት ኮርሚየር «ዘ ቸኮሌት ዋር» የተባለውን ልቦለድ አሳተመ። በማሳቹሴትስ የሚኖር ጋዜጠኛ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በአንድ የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተማሪዎቹ 20,000 ሣጥን ቸኮሌት እንዲሸጡ ያዛል፤ ጄሪ የተባለው ልጅ አልሸጥም ይላል። ተተኪው ኃላፊ መምህር በምስጢር ከተደራጀ የተማሪዎች ቡድን ጋር ተመሳጥሮ ልጁን ያስጨንቀዋል፤ በመጨረሻም ጄሪ በተሰበሰበ ተማሪ ፊት ተደብድቦ ይወድቃል፤ እምቢታውም ከንቱ ሆኖበት ይቀራል። ረቂቁን ያዩ በርካታ አሳታሚዎች መጨረሻው ይቃና ብለው ጠየቁ። ኮርሚየር አልለውጥም አለ፤ ፓንቲዮን የተባለው አሳታሚም እንዳለ ተቀበለው። መጽሐፉ ከታተመ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በሚያወጣው ዝርዝር ከመደርደሪያ ይውረድልን ተብለው ከተጠየቁት መጻሕፍት የመጀመሪያውን ቦታ ይዞ ነበር።

ስለ ኮርሚየር አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዋናው ነጥብ ብዙም አያርቀንም። በ1977 ባሳተመው «አይ አም ዘ ቺዝ» ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚደውልበት የስልክ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር የደራሲው የገዛ ቤቱ ቁጥር ነበር። ወጣት አንባቢዎች ይደውሉ ነበር፤ እሱም እያነሳ ያነጋግራቸው ነበር። በተስፋ ቢስነቱ ይወቀስ የነበረው ደራሲ ለልጆቹ ስልክ የሚያነሳ ትልቅ ሰው ነበር። ልጅ ከባድ ነገር ሲያነብ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አሳታሚዎች የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን በቅንነት መቀበል ይገባል። የታዳጊዎች መጽሐፍ ገበያ ከአዋቂዎቹ ይለያል፤ ከፍሎ የሚገዛው ብዙ ጊዜ አንባቢው ራሱ ሳይሆን ወላጁ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ነው። አንድ ክልል ትእዛዙን ከሰረዘ ኪሳራው የሚታይ ነው። ስኮላስቲክ የተባለው ታዋቂ የሕፃናትና የታዳጊዎች መጻሕፍት አሳታሚ በትምህርት ቤቶች ውስጥ የመጽሐፍ አውደ ርዕይ ያካሂዳል። በ2023 መጸው ስለ ዘር፣ ስለ ማንነትና ስለመሳሰሉት የተጻፉ 64 መጻሕፍትን ለብቻ ለይቶ፣ ትምህርት ቤቶች ከፈለጉ እንዲወስዷቸው ካልፈለጉም እንዲተዋቸው አደረገ። ምክንያቱን ሲጠየቅ በየግዛቱ የወጡ ሕጎች መምህራንንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን አደጋ ላይ ይጥላሉ አለ። ስጋቱ እውነት ነበር፤ ተቃውሞው ሲበረታ ግን በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አሠራሩን እንደሚተው አስታወቀ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ፤ ውሳኔው ስለታየ ሊታረም ቻለ።

ፔን አሜሪካ የተባለው የደራስያን ማኅበር በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ የታገደባቸውን አጋጣሚዎች ይመዘግባል። በ2021-22 የትምህርት ዘመን 2,532 መዝግቦ ነበር፤ በ2023-24 ቁጥሩ 10,046 ደረሰ። አንድ መጽሐፍ በብዙ ቦታ ከታገደ ብዙ ጊዜ ስለሚቆጠር ይህ የመጻሕፍቱ ብዛት አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በዚህ መዝገብ ሊገባ የማይችለው ነው። መዝገቡ የሚይዘው ታትሞ፣ ተገዝቶ፣ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ከዚያ የወረደውን ነው። በአርታኢ ጠረጴዛ ላይ «ይህን ምዕራፍ ብታወጪው ይሻላል» የተባለችው ደራሲ፣ ወይም ይህን ሁሉ አስቀድሞ ገምቶ ያሰበውን ሳይጽፍ የቀረው ደራሲ በማንም አይቆጠሩም። በየትምህርት ቤቱ ያለው እገዳ ቢያንስ ስብሰባ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፣ የሚከራከርበት ሰው አለው።

«ልጆች የሚጎዱ ከሆነስ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነው፤ በይድረስ ይድረስ መመለስም አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ራስን ማጥፋትን ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ከዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። የጄይ አሸር «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» በ2007 የታተመ የታዳጊዎች ልቦለድ ነው፤ ሕይወቷን ያጠፋች ተማሪ ምክንያቶቿን በድምፅ ቀርጻ ትታ ስለ መሄዷ ይተርካል። ኔትፍሊክስ በ2017 በተከታታይ ፊልም አቀረበው። ልቦለዱ በዝርዝር ያላሳየውን አድራጎት ፊልሙ ለሦስት ደቂቃ ያህል በግልጽ አሳየ። ፊልሙ በወጣ በቀጣዩ ወር በአሜሪካ ከ10 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ራስን የማጥፋት መጠን በ28.9 በመቶ ከፍ ብሎ መታየቱን በ2019 የወጣ ጥናት ገለጸ። አጥኚዎቹ ራሳቸው መንስኤው ፊልሙ ነው ብሎ መደምደም እንደማይቻል ጽፈዋል፤ አሃዞቹን መልሶ የመረመረ ሌላ ተመራማሪም በኋላ ግኝቱን ተቃውሟል። ኔትፍሊክስም በዚያው በ2019 ያንን ትዕይንት ቆርጦ አወጣው።

የተቆረጠው ምን እንደሆነ ልብ ይሏል። ታሪኩ ቀርቷል፣ የልጅቷ ሞትም ቀርቷል፤ የወጣው አፈጻጸሙን በቅርብ የሚያሳየው ክፍል ነው። ይህ ከቪየና ልምድ ጋር ይገጥማል። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በ1980ዎቹ አጋማሽ በምድር ውስጥ ባቡር ሐዲድ ላይ ሕይወታቸውን የሚያጠፉ ሰዎች በርክተው፣ ጋዜጦቹም በትልልቅ ርዕስ ዝርዝሩን ያትሙ ነበር። በ1987 ባለሙያዎች ለጋዜጠኞች የአዘጋገብ መመሪያ አወጡ፤ ጋዜጦቹም አቀራረባቸውን ለወጡ፤ በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ቁጥሩ ከመጀመሪያው አጋማሽ ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። በ2010 ደግሞ የኦስትሪያ ተመራማሪዎች በሞት ሐሳብ ተይዘው የነበሩ ነገር ግን ችግሩን ተቋቁመው ስላለፉ ሰዎች የሚዘግቡ ጽሑፎች ከታተሙ በኋላ ራስን የማጥፋት ቁጥር ቀንሶ እንደሚታይ አገኙ። ጥናቶቹ ስለ ጋዜጣ እንጂ ስለ ልቦለድ አይደሉም፤ ልዩነቱን አልሸሽገውም። ቢሆንም የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግልጽ ነው። ዝርዝሩን እያጎሉ፣ ሞትን መፍትሔ አስመስሎ ማቅረብ ይጎዳል፤ ጭንቀቱን አውቆ መውጫውን የሚያሳይ ታሪክ ደግሞ ሊጠብቅ ይችላል። ርዕሱን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ አሳታሚ የመጀመሪያውን ሲከላከል ሁለተኛውንም አብሮ ይቀብረዋል።

ይህ በልቦለድ ሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ የሎሪ ሃልስ አንደርሰን «ስፒክ» ጥሩ ማሳያ ነው። በ1999 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ለብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ውስጥ ገባ። ሜሊንዳ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ጓደኞቿ ሁሉ ጠልተዋታል፤ በክረምቱ በአንድ ግብዣ ላይ ፖሊስ ጠርታ ሁሉንም ስላስበተነች። ለምን እንደጠራች ግን ማንም አልጠየቃትም። እያደር ንግግሯ እየቀነሰ፣ ከንፈሯን እየነከሰች እያደማች፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ በተተወች አንዲት የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል መደበቅ ትጀምራለች። አንባቢው አንድ ከፍተኛ ተማሪ እንደደፈራት የሚረዳው ቀስ በቀስ ነው። ድርጊቱ ሲነገርም በራሷ አፍ፣ በተቆራረጡ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ከፍርሃቷና ከግራ መጋባቷ ጋር ይነገራል፤ ለተመልካች ዓይን የቀረበ ነገር የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሥነ ጥበብ መምህሯ የሰጣትን የዛፍ ሥዕል ትሞክራለች፣ ይበላሽባታል፣ ደግማ ትሞክራለች። መጽሐፉ ሲያበቃ ለዚሁ መምህር ልትነግረው ትጀምራለች።

ፈሪ አርታኢ በዚህ ረቂቅ ላይ ምን ያደርግ ነበር? መደፈሩን አውጥቶ «አንድ ክፉ ነገር ደረሰባት» በሚል ድፍን ቃል ይተካው ነበር። ያኔ የልጅቷ ዝምታ ምክንያት ያጣል፤ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባት አንባቢም የሆነባትን የምትጠራበት ስም ሳታገኝ መጽሐፉን ትዘጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአምስት ሴቶች አንዷ በልጅነቷ ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባት ትናገራለች። እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ከሚያነቡ ልጆች መካከል ነገሩ ከመጽሐፉ በፊት የደረሰባቸው አሉ። በ2010 በሚዙሪ ግዛት አንድ ሰው በጋዜጣ ላይ የመደፈሩን ክፍል እንደ ልቅ ወሲባዊ ጽሑፍ ቆጥሮ መጽሐፉ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ጠይቆ ነበር። ጥቃትን ከወሲብ መለየት ያቃተው እንዲህ ያለ ንባብ ራሱ፣ ታዳጊዎች እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ይናገራል።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ተስፋ ነው፤ ለልጅ የሚጻፍ ነገር በጨለማ ማለቅ የለበትም የሚል። እንግሊዛዊው ኬቪን ብሩክስ «ዘ በንከር ዳየሪ» የተባለውን ልቦለዱን ለማሳተም ረጅም ዓመታት ፈጅቶበታል፤ አሳታሚዎች ከምድር በታች ተይዘው የታጎሩት ገጸ ባሕርያት ነፃ የሚወጡበት መጨረሻ ይፈልጉ ነበር። እሱ እምቢ አለ፤ በ2013 ታተመ፤ በቀጣዩም ዓመት ዳኞቹ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሆኑበትን የካርኔጊ ሜዳልያ አገኘ፤ ትልቅ ውዝግብም አስነሳ። በእኔ ሚዛን ይህ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ አይደለም። ነገር ግን በሽፋኑ ላይ በግልጽ ቃል የሚነገረው ማሳሰቢያ ለዚህ ይበቃል። ተስፋ ደግሞ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የጄሪን መውደቅ አንብቦ የተቆጣ ልጅ ፍትሕ ምን መሆን እንደነበረበት አውቋል።

ወላጆችም አሉ። ልጄን የማውቀው እኔ ነኝ የሚል ወላጅ እውነት አለው። ይህ መብት ግን የሚጸናው በራሱ ልጅ ላይ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ወይም በሚኒሶታ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ይህን ክርክር በየትምህርት ቤታቸው ስብሰባ ይሰሙታል፤ በብዙ ቦታም ልጃቸው በክፍል በሚነበበው መጽሐፍ ፋንታ ሌላ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላሉ። ወላጁ እምቢ ሲል ልጁ ያውቃል፣ መምህሩም ያውቃል፤ ነገ ሐሳቡን መለወጥም ይችላል። አሳታሚው በጓዳ እምቢ ሲል ግን ለማያውቃቸው ልጆች ሁሉ ወስኖ፣ መጽሐፉን ሊሰጡ ለሚፈልጉ ወላጆችም በሩን ዘግቶባቸዋል።

ጥንቃቄ ከሌላ አቅጣጫም ይመጣል። በ2019 መጀመሪያ አሜሊ ዌን ዣኦ «ብለድ ኤር» የተባለው ልቦለዷ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ባርነትን የሣለችበት መንገድ ተተቸ፤ ኅትመቱ እንዲቆም ጠየቀች፤ ረቂቁን መልሳ ካየች በኋላ መጽሐፉ በኅዳር ወር ወጣ። ትችቱ ልክ ነበር ወይስ ጫና ነበር በሚለው ሰው ሊለያይ ይችላል። ልንለያይ የቻልነው ግን ማን ምን እንዳለና ማን ምን እንደወሰነ ስለምናውቅ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፤ እዚያው አንቀጽ ውስጥ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችልም ያስቀምጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ለደራሲውና ለአሳታሚው የተተወ ነው። በአማርኛ በተለይ ለታዳጊዎች ተብሎ የሚጻፈው ልቦለድ ጥቂት ስለሆነ ልጆቻችን ከተረት መጽሐፍ በቀጥታ ወደ አዋቂዎች ልቦለድ ይዘላሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ከወላጆቻቸው ጋር ያዳመጡ ልጆች የባላባትን ግፍም፣ የተከለከለ ፍቅርንም፣ ሞትንም ሰምተዋል። ከባድ ነገር ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም። የጎደላቸው እነሱን በልቡ ይዞ የጻፈላቸው ደራሲና የእነሱን ዕድሜ አስቦ ረቂቁን ያነበበ አርታኢ ነው።

እንበልና ከገጠር መጥታ በሰው ቤት በሠራተኝነት የምትኖር የ14 ዓመት ልጅ በአሠሪዋ ስትጠቃ የሚያሳይ ረቂቅ አንድ አሳታሚ እጅ ገባ። አርታኢው መጠየቅ ያለበት ብዙ ነገር አለ። ድርጊቱ የሚታየው በማን ዓይን ነው፣ በልጅቷ ወይስ በአጥቂዋ? ትረካው የሚቆየው በጥቃቱ ላይ ነው ወይስ ከጥቃቱ በኋላ በሚመጣው? ልጅቷ ለማን ለመናገር ትሞክራለች፣ ያ ሰውስ ምን ይላታል? ጎረቤት እየሰማ ዝም ብሎ ከሆነ ዝምታው በታሪኩ ውስጥ ይጠየቃል? በመጽሐፉ መጨረሻ የእርዳታ መስጫ ስልክ ቢሰፍር፣ ቁጥሩ መሥራቱንና የሚያነሳ ሰው መኖሩን አሳታሚው ራሱ ደውሎ አረጋግጧል? ይህን ሁሉ ጠይቆ፣ ከደራሲዋ ጋር ተከራክሮ፣ አሁንም አላሳትምም ካለ መብቱ ነው፤ ምክንያቱን ግን በጽሑፍ አስፍሮ፣ ፈርሞ ይስጣት። ያን ደብዳቤ ይዛ ልታሻሽለው፣ ልትሟገትበት፣ ወይም ረቂቋን ሳትነካ ሌላ አሳታሚ ዘንድ ልትሄድ ትችላለች።